ሰው ካውንቲ ጄል ገባ ሲባል የት እንዳለ በነጻ የማወቂያ መንገድ

አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ ታሰረ ሲባል ወሬው የሚደርሰን ብዙ ጊዜ ጎደሎ ሆኖ ነው። "ፖሊስ አስቁሞት ነበር" ይባላል። "መኪናው መንገድ ዳር ቆማለች" ይባላል። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። አዲስ አበባ ያሉት እናት ደጋግመው ይደውላሉ፤ የሚነገራቸው ነገር የለም።

በአብዛኞቹ ስቴቶች ካውንቲ ጄል (የአካባቢው አስተዳደር እስር ቤት) ውስጥ ማን እንዳለ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ገንዘብ መክፈልም አያስፈልግም። ስሙን በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው አጻጻፍ መፈለግ ነው ሥራው። የእኛ ሰዎች ፈልገው የሚያጡትም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ወይ ካውንቲው ሌላ ነው፣ ወይ ስሙ ሌላ ተጽፏል።

ሌላም አለ። መታሰር ገመና ነው ብለን ነገሩን እንደብቃለን፤ በዚህ መሀል የመጀመሪያው ቀን ያልፋል። ለሰፈሩ ሁሉ ማውራት አይጠበቅባችሁም። ግን እንግሊዝኛ የሚቀናው አንድ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ደረጃ 1፦ የምታውቁትን ጻፉ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። ሙሉ ስሙን መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ጻፉ። የልደት ቀኑን፣ የተያዘበትን ቦታና ሰዓት ጨምሩ። ማን እንደያዘውም አጣሩ። የከተማ ፖሊስ ነው? የካውንቲ ሸሪፍ? የስቴት ትሩፐር፣ ማለትም የስቴቱ ፖሊስ? ወይስ የኢሚግሬሽን ሰዎች፣ አይስ የሚባሉት? አብሮት የነበረ ሰው ካለ መኪናቸው ላይ ወይም ልብሳቸው ጀርባ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ጠይቁት።

ራሱ ከደወለላችሁ ጥሪው አጭር ነው። አራት ነገር ብቻ ጠይቁት። የትኛው ጄል ነህ? የቡኪንግ ቁጥርህ (ጄሉ ሲመዘግብህ የሰጠህ ቁጥር) ስንት ነው? ፍርድ ቤት መቼ ትቀርባለህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ስለ ጉዳዩ ግን አንድም ነገር አይንገራችሁ። ከጄል የሚደረግ ስልክ ይቀረጻል። በአማርኛ ስለሆነ ማንም አይሰማም የሚባለው እውነት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ቅጂውን ወስዶ ማስተርጎም ይችላል። ከጠበቃ ጋር የሚደረገው ንግግር ነው በሕግ የተጠበቀው።

ደረጃ 2፦ ካውንቲውን ለዩ

ሰው የሚታሰረው በሚኖርበት ካውንቲ አይደለም። በተያዘበት ነው። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ከተያዘ ሞንጎመሪ ካውንቲ ላይ ስሙን ብትፈልጉት አታገኙትም።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ሦስት የተለያዩ አሠራሮች በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ተሰብስበዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንጎመሪ ካውንቲና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የየራሳቸው የእርምት መሥሪያ ቤት አላቸው። የሞንጎመሪ እስረኞች ሮክቪል ባለው ማቆያ ወይም ቦይድስ ባለው ትልቁ ጄል ይገኛሉ። ቨርጂኒያ ደግሞ 38 ከተሞች ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። አሌክሳንድሪያ አንዷ ናት፤ የራሷ ሸሪፍና የራሷ ጄል አላት። ችግሩ የፖስታ አድራሻቸው "አሌክሳንድሪያ" የሚል ብዙ ሰፈሮች በእውነቱ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ተያዘ ከተባለ ሁለቱንም ጄሎች ፈልጉ።

ዋሽንግተን ዲሲ ካውንቲ የላትም። እስረኞችን የሚይዘው የከተማዋ የእርምት መምሪያ ነው። አዲስ የተያዘ ሰው ግን መጀመሪያ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሴንትራል ሴል ብሎክ በሚባለው ማቆያ ሊያድር ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ስሙ የጄሉ መዝገብ ላይ ባይኖር አትደንግጡ።

ሲያትል አካባቢ ኪንግ ካውንቲ ሁለት ጄል አለው፤ አንዱ መሀል ሲያትል፣ ሌላው ኬንት። ነገር ግን ሬንተን፣ ተክዊላና ሲታክን የመሰሉ ከተሞች ደሞይን ከተማ ያለውን ስኮር የተባለ የጋራ ጄል ይጠቀማሉ። የኪንግ ካውንቲን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ስኮር ያለውን አያገኝም። ኮሎራዶ ላይ ኦሮራ በሦስት ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ አራፓሆ፣ አዳምስና ዳግላስ። ላስ ቬጋስ ከሆነ የክላርክ ካውንቲ ጄል አለ፣ ከተማው ደግሞ ለቀላል ጥፋቶች የራሱ ማቆያ አለው።

ቦታው ካልተለየላችሁ የመንገዱን ስም ጎግል ካርታ ላይ አስገቡና የትኛው ካውንቲ እንደሆነ አጣሩ። አላስካ፣ ኮነቲከት፣ ደለዌር፣ ሃዋይ፣ ሮድ አይላንድና ቨርሞንት ውስጥ እስር ቤቶችን የሚያስተዳድረው በአብዛኛው ስቴቱ ነው። እዚያ የስቴቱን መዝገብ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ገጽ ክፈቱ

ጎግል ላይ የካውንቲውን ስም፣ የስቴቱን ስም፣ ከዚያ "ኢንሜት ሉክአፕ" (የእስረኛ መፈለጊያ) ወይም "ጄል ሮስተር" (የእስረኞች ዝርዝር) የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ናቸው። እነሱን እለፉ። ክሬዲት ካርድ የሚጠይቅ ገጽ ከሆነ ወዲያው ውጡ። "የወንጀል መዝገብ ተገኝቷል፣ ለማየት ይክፈሉ" የሚሉት የግል ነጋዴዎች ናቸው፤ መረጃቸውም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። የምትፈልጉት የሸሪፉን ወይም የካውንቲውን የእርምት መሥሪያ ቤት ገጽ ነው። ብዙዎቹ በ"ነጥብ ጎቭ" ያልቃሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የሎስ አንጀለስ ሸሪፍ ገጽ ለምሳሌ በ"ነጥብ ኦአርጂ" ነው የሚያልቀው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ከካውንቲው ዋና ድረ ገጽ ተነስታችሁ ወደ ሸሪፉ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ስሙን በሁሉም አጻጻፍ ሞክሩ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ፀጋዬ ወልደገብርኤል ከበደ የሚባል ሰው አለ እንበል። "ላስት ኔም" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ይገባል? ወረቀቱ ሲሞላ አያቱ የቤተሰብ ስም ከተደረጉ "ከበደ" ነው። በአባት ስም ከቆመ "ወልደገብርኤል" ነው። መዝጋቢው ገልብጦ ከጻፈው ደግሞ ራሱ "ፀጋዬ" ይሆናል። ሦስቱንም አስገቡ።

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። "ፀ" ለአንዱ በቲና በኤስ ይጻፋል፣ ለሌላው በኤስ ብቻ። "ወልደ" ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ ወይም ኢ ይይዛል። "ገብርኤል" ከ"ወልደ" ጋር ተጣብቆ፣ ተለያይቶ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። አገር ቤት "ወ/ገብርኤል" ብለን እንደምናሳጥረው የተጻፈ ወረቀት ይዞ የመጣም አለ። ኮምፒውተሩ እዝባሯን ሲያስቀር ደብልዩ ብቻዋን ከፊት ትቀራለች። ኃይለ፣ ተክለ፣ ገብረ፣ ኪዳነ በሚሉ ስሞች ላይ ሁሉ ይህ ያጋጥማል። መሐመድ፣ ዮሐንስና ሚካኤል የሚሉትን ደግሞ ስንቱ ስንት ዓይነት ይጽፋቸዋል!

ለዚህ ጥሩው መላ አሳጥሮ መጻፍ ነው። ብዙ መዝገቦች የስሙን መጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ ብታስገቡ የሚመሳሰሉትን ሁሉ ያወጣሉ። የፈርስት ኔሙን አንድ ፊደል ጨምሩበትና ዝርዝሩን በዓይናችሁ ውረዱት።

ሁለት ነገር አትርሱ። ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸው በአንድ ሳጥን ብቻ የሰፈረ ሰዎች ቪዛቸው ላይ ፈርስት ኔም በሚለው ቦታ "ኤፍኤንዩ" የሚሉ ሦስት ፊደላት ይጻፍባቸዋል። ፈርስት ኔም አይታወቅም ለማለት ነው። ያ በዚያው መታወቂያ ላይ ዘልቆ ከቀረ ጄሉም በዚያው ይመዘግባቸዋል። ሌላው ልደት ነው። በስደተኝነት ከመጡት ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። የኛ ዘመን አቆጣጠር ሳይቀየር የገባበትም አለ፤ ያኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። እናት የሚያውቁት ልደትና ወረቀቱ ላይ ያለው ላይገጥሙ ይችላሉ። ገጹ የግድ ካላለ የልደቱን ሳጥን ባዶ ተዉት።

ደረጃ 5፦ የተገኘውን በጥንቃቄ አንብቡ

ስሙ ሲወጣ መጀመሪያ የቡኪንግ ቁጥሩን ገልብጡ። ከዚህ በኋላ ለሁሉም ነገር የምትጠየቁት እሱን ነው። ከዚያ የገባበት ቀን፣ ያለበት ሕንፃ፣ ክሱ፣ የቦንዱ (የዋስትና ገንዘቡ) መጠንና ቀጣዩ የፍርድ ቤት ቀን አለ።

ቦንድ በሚለው ቦታ ዜሮ ወይም ባዶ ካያችሁ በነጻ ይወጣል ብላችሁ አትደምድሙ። ዳኛው ገና አልወሰነም ማለት ሊሆን ይችላል። ዋስትና ተከልክሏል ማለትም ሊሆን ይችላል። ደውላችሁ ጠይቁ። "ሆልድ" ወይም "ዲቴይነር" የሚል ቃል ካለ ደግሞ ሌላ አካል ይፈልገዋል ማለት ነው። የድሮ ማዘዣ ያወጣ ሌላ ካውንቲ ይሆናል፣ ወይም አይስ።

የክሱ ዝርዝር ፖሊስ ያስመዘገበው ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ሊቀንሰው ወይም ሊተወው ይችላል። እባካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። ሰውየው በማግስቱ በነጻ ቢወጣም ፎቶው አይመለስም።

ደረጃ 6፦ ስሙ ካልተገኘ

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ሰው ከተያዘ በኋላ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጤናው ይጠየቃል፣ ንብረቱ ይመዘገባል። ይህ ሰዓታት ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ደግሞ ይብሳል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መልሳችሁ ፈልጉ።

ከዚያ ደውሉ። ወደ 911 አይደለም። የጄሉን የመረጃ መስመር ወይም የፖሊሱን መደበኛ ስልክ ፈልጉ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ ስልኩ እንደተነሳ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በሉና ጠብቁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚወስዱ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው አገልግሎት የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸት አለባቸው። ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። የሚያነጋግራችሁን ሰው ስም ጠይቁና ከሰዓቱ ጋር ጻፉት። ስሙን ስታስተላልፉ ፊደል በፊደል ቁጠሩለት።

አሁንም የለም ከተባለ እነዚህን አስቡ። ተለቆ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ገጾች የወጣን ሰው ወዲያው ያነሱታል። ተጎድቶ ወይም ታሞ በፖሊስ ጥበቃ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ በሕዝብ መዝገብ ላይ አይወጣም፤ ወላጅ በቀጥታ የወጣቶች ማቆያውን መጠየቅ አለበት። የፌዴራል ክስ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ተከሳሾችን በሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ በዩኤስ ማርሻልስ እጅ ነው። ማርሻሎቹ ብዙ ጊዜ የካውንቲ ጄል ውስጥ ቦታ ስለሚከራዩ ሰውየው እዚያው ቅርብ ሆኖ ስሙ ላይታይ ይችላል። ያኔ የፌዴራል ፍርድ ቤቱን ጽሕፈት ቤት ወይም የፌዴራል ፐብሊክ ዲፌንደርን (መንግሥት በነጻ የሚያቆመውን የጠበቃ ቢሮ) ጠይቁ። የፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ ገጽ ከ1982 ወዲህ ያሉትን እስረኞች ያሳያል፣ ገና ፍርድ የሚጠብቀውን ግን ላያሳይ ይችላል።

ደረጃ 7፦ በፍርድ ቤቱ በኩልም ፈልጉ

ጄሉ ዝም ሲል ፍርድ ቤቱ ይናገራል። ሜሪላንድ "ኬዝ ሰርች" የሚባል ነጻ መዝገብ አላት፤ ቨርጂኒያና ዲሲም የየራሳቸው አላቸው። የክስ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀንና የጠበቃው ስም እዚያ ይገኛል።

ቀጠሮው ሩቅ አይሆንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 በሪቨርሳይድ ካውንቲ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው ለመታሰሩ በቂ ምክንያት መኖሩን ዳኛ በጥቅሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ማየት አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር በሚባል የፍርድ ቤት ሹም ፊት ይቀርባል። ቤተሰብ ችሎቱ ላይ ቢገኝ ጥሩ ነው። ጠበቃው ሥራ እንዳለው፣ አድራሻ እንዳለው፣ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳሉ ለዳኛው ሲናገር እናንተን ማሳየት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላችሁ ከሆነ ግን ወደ ፍርድ ቤትም ሆነ ወደ ጄል ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ጠበቃ መቅጠር ካልተቻለ ፐብሊክ ዲፌንደር አለ። ደውላችሁ "የደምበኛችሁ ቤተሰብ ነን" በሉ፤ ያላችሁን መረጃ ይቀበላሉ።

ደረጃ 8፦ ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነ

ካውንቲ ጄል የሚወሰድ አሻራ ወደ ኤፍቢአይ ሲላክ ኢሚግሬሽንም ያየዋል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩን የሚጠብቅ ወይም ወረቀት የሌለው ሰው ሲታሰር ሁለት መዝገብ ነው የምትከታተሉት።

አይስ የራሱ የእስረኛ መፈለጊያ ገጽ አለው። ቀላሉ መንገድ ኤ-ነምበር የሚባለው 9 አሃዝ ነው። ግሪን ካርዱ ወይም የሥራ ፈቃዱ ላይ "ዩኤስሲአይኤስ ቁጥር" በሚለው ሥር ይገኛል። የቆየ ወረቀት ላይ 8 አሃዝ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምሩበት። ቁጥሩን ስታስገቡ የትውልድ አገርም ይጠየቃል። እዚህ ብዙ የእኛ ሰዎች ይሳሳታሉ። ዜግነቱ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ሱዳን፣ ኬንያ ወይም ኤርትራ የተወለደ ተብሎ ከተመዘገበ "ኢትዮጵያ" ብላችሁ አታገኙትም። በስም ስትፈልጉ ደግሞ ከካውንቲው በተለየ ፊደሉ ሳይዛነፍ መግባት አለበት፤ አሳጥሮ መጻፍ እዚህ አይሠራም።

ዲቴይነር ካለበት ቦንድ ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ። ካውንቲው ሲለቀው አይስ ሊረከበው ይችላል፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ከዚያኛው እስር አያስወጣውም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አዲስ ሕግ አለ፤ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ሰው በስርቆት ወይም ከሱቅ ዕቃ በማንሳት ቢያዝ፣ ጥፋተኛ ሳይባል እንኳ አይስ በግዴታ እንዲያስረው ያዛል። የወንጀሉ ጠበቃና የኢሚግሬሽኑ ጠበቃ ይነጋገሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የወንጀል ጠበቃ ጥፋቱን ማመን ከአገር እንደሚያስወጣ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት።

ኤምባሲም አለ። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ከፈለገ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳይ ያለው ሰው ግን ጠበቃ ሳያማክር ይህን ባያደርግ ይሻላል፤ ቤተሰብም በራሱ ወደ ኤምባሲ አይደውልበት።

ደረጃ 9፦ ገንዘብ፣ መድኃኒትና አጭበርባሪዎች

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ዛሬውኑ ጄሉ ደውላችሁ የሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚያክመውን ሐኪም ንገሯቸው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ካለበት ይህ ቀጠሮ ከመጠበቅ ይቀድማል።

ቦንድ በሁለት መንገድ ይከፈላል። ሙሉውን ለፍርድ ቤቱ ካስያዛችሁና ሰውየው በቀጠሮው ሁሉ ከተገኘ በመጨረሻ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቦታ ትንሽ ክፍያ ይቀነሳል። በክፍያ ዋስ ለሚሆን የቦንድ ነጋዴ ከከፈላችሁ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው፤ እሱ አይመለስም። ሁሉም ቦታ ግን በገንዘብ አይደለም። ኢሊኖይ በሴፕቴምበር 2023 የገንዘብ ዋስትናን አስቀርታለች። ዲሲም በተግባር አትጠቀምበትም።

ስለዚህ "ልጅህ ዲሲ ታስሯል፣ ለቦንድ ገንዘብ ላክ" የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። ጊፍት ካርድ፣ ዜል ወይም ክሪፕቶ በስልክ የሚጠይቅ ዳኛም ሸሪፍም የለም። አጭበርባሪዎች ከመዝገቡ ላይ እውነተኛውን ስምና ክስ አይተው ይደውላሉ። ስሙን ማወቃቸው አያሳምናችሁ። ስልኩን ዘግታችሁ በራሳችሁ ወደ ጄሉ ደውሉ።

ደረጃ 10፦ ከተገኘ በኋላ እንዳይጠፋባችሁ

እስረኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ፣ ከካውንቲ ወደ ካውንቲ ይዘዋወራል። በየሰዓቱ ገጹን ከማየት ቫይን የሚባለውን የማሳወቂያ አገልግሎት ተመዝገቡ። በ1994 ኬንታኪ ውስጥ ጄፈርሰን ካውንቲ የተጀመረው፣ አንዲት ወጣት የበደላት ሰው ከጄል መውጣቱን ሳታውቅ ስለተገደለች ነው። ዋና ዓላማው የወንጀል ተጎጂዎችን ማስጠንቀቅ ነው፤ ግን ቤተሰብም መመዝገብ ይችላል። ምዝገባው ነጻ ነው። ሰውየው ሲዛወር ወይም ሲለቀቅ በስልክ፣ በቴክስት ወይም በኢሜይል ይነግራችኋል። ሁሉም ካውንቲ ስለማይሳተፍበት ገጹ ላይ ስቴታችሁንና ካውንቲያችሁን መርጣችሁ አረጋግጡ። ስትመዘገቡ አራት አሃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ትመርጣላችሁ። ስልኩ ሲደወል ያንን ቁጥር ካላስገባችሁ መልእክቱ ደረሰ ስለማይባል ደጋግሞ ይደውላል፤ ሌሊትም ቢሆን። ቁጥሩን ከቡኪንግ ቁጥሩ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉትና ስልኩን ለሚያነሳ ሰው ሁሉ ንገሩ።